ስለ ፈረንሳይኛ ጣዕምና ስለ ዘነበወርቅ ዝምታ

ፈጣሪ ለአዳም ልጅ ካደለው ጸጋ ሁሉ እንደ ልሳን ምሥጢሩ የረቀቀ፣ እንደ ልሳንም ፈተናው የበዛ አንዳች ነገር እንደሌለ፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ አንተም በዘመንህ ሳትታዘበው አትቀርም፤ ከጥቂት ሥጋና ከጥቂት እስትንፋስ የሚወለድ፣ ተወልዶም ወዲያው በነፋስ የሚጠፋ ድምፅ፣ አንዱን ሰው ከወንበር ሲያስቀምጠው ሌላውን ከደጅ ያስቆመዋልና። ወርቅ ቢሆን በሚዛን ይታወቃል፣ ሐር ቢሆን በእጅ ተዳስሶ ይለያል፤ ቋንቋ ግን የማይመዘንና የማይዳሰስ ሆኖ ሳለ፣ ሰዎች ይህኛው ክቡር ነው፣ ያኛው ተራ ነው፣ ይህ ለመኳንንት ይገባል፣ ያ ለጋሪ ነጂ ይበቃል እያሉ ሲሟገቱለት፣ ሲኮሩበትና ሲያፍሩበት ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ሰው በገዛ አፉ ሲኮራ ጥፋቱ ቀላል ነው፤ በልጁ አፍ ሊኮራ ሲነሣ ግን ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ፣ እነሆ፣ ሰሚውን ሁሉ አፉን በእጁ ያስያዘው ይህ ታሪክ ይመሰክራል።

ጠላት ከአገር በወጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው የምድር ባቡር ሠፈር፣ አቶ ንጋቱ ወልደጻድቅ የተባለ የዕቃ ክፍል ጸሐፊ፣ ከሚስቱ ከወይዘሮ ዘነበወርቅና ከአምስት ዓመት ልጁ ከአስካለ ጋር ይኖር ነበር። በዚያ ዘመን በዚያች ከተማ የፈረንጅ ቋንቋዎች እንደ ጎረቤት ተደርድረው ይኖሩ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። ፈረንሳይኛ የጣቢያው ጌታ ነበረ፤ በየበሩ ተጽፎ፣ በየወረቀቱ ታትሞ፣ የባቡሩ ፊሽካ እንኳ በፈረንሳይኛ የሚነፋ እስኪመስል ድረስ ሞገሱ ከፍ ያለ ነበረ። ጣልያንኛ ባለቤቶቹ ተባረው ሲሄዱ እሱ ሳይሄድ ቀርቶ፣ በጋራዡና በአናጢው ቤት፣ ብሎን በሚያጠብቀውና ምድጃ በሚያበጀው ሰው አፍ ሠፍሮ ነበረ፤ ሰዎች ጌታውን ከልባቸው እየጠሉ ዜማውን ግን ምላሳቸው መውደዱን መተው አቅቶት ያፍሩ ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ በወታደር መኪና ተጭኖ ትናንት የደረሰ እንግዳ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የሚሾምና የሚሽር እሱ ነው ተብሎ ይወራለት ስለነበር፣ ጣዕሙን ያልወደደ ሰው እንኳ ለነገ እንጀራው ሲል ያጠናው ነበር። አቶ ንጋቱ ከሦስቱም ቁራጭ ቁራጭ ለቅሞ ነበረ፤ ነገር ግን ዕውቀቱ እንደ አጭር ብርድ ልብስ ሆነበት፤ አንዱን ጫፍ ወደ ራሱ ሲስብ እግሩ ይገለጥ ነበር። አንድ ቀን በመሥሪያ ቤቱ የፈረንጅ አለቃው አንዳች ነገር ተናግሮ ጸሐፊዎቹ ሁሉ በሳቁ ጊዜ፣ እሱም ነገሩ የገባው መስሎ ለመታየት ከሁሉም አብልጦ ሳቀ፤ የተሳቀው በእሱ መሆኑን ያወቀው ግን ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባልደረባው በአዘኔታ ሲነግረው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ በሰው ፊት ይህን ዓይነት ሳቅ እንዳትስቅ በልቡ ማለ።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ግን ለቋንቋ ክብር ደንታ ያልነበራት፣ ፊደል ቆጥራ ዳዊትን እየተንተባተበች የምትደግም፣ ገና ለጋ የሆነች ሴት ነበረች። ከአስካለ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅ ክርስትና በተነሣ ሳምንት ስለ ተቀጨባት፣ ልቧ እንደ ወፍ ልብ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ ልጅቷ ስትስል ትደነግጣለች፣ ልጅቷ ዝም ስትል ደግሞ አብልጣ ትደነግጣለች። የልጅቷን ጤና የምትለካውም በወሬዋ ነበር። አስካለ ከነቃችበት ሰዓት ጀምሮ ድመቷ ምን እንዳሰበች፣ ጨረቃ ቀን ቀን የት እንደምትተኛ፣ የጎረቤቱ ፍየል ለምን ጺም እንዳወጣች ስትቀባጥር ትውላለች፤ እናቷም «ተይ እንግዲህ፣ ጆሮዬን በላሽው!» እያለች በሆድዋ ተመስገን ትላለች።

እንግዲህ የገብርኤል ማኅበር ተራው በአቶ ንጋቱ ቤት የደረሰ ዕለት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ማኅበርተኞቹ ጠላውን ከበው ተቀመጡ። ከነሱም መካከል የነፍስ አባታቸው አባ ወልደሰንበት፣ በጋራዥ የሚሠራው ጨዋታ አዋቂው አቶ ባራኪ፣ ከኤደን ወደብ የተመለሰው የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ አቶ ደምሰው፣ እንዲሁም በሚሲዮን ቤት ያደገውና የባቡር ጣቢያው ዋና ጸሐፊ የሆነው ገብረየስ ነበሩ፤ ይህንን የመጨረሻውን አገሬው በፈረንጅ ወግ፣ አቶ ለማለት፣ «ሙሴ» እያለ ይጠራው ነበር፣ እሱም ሌላ መጠሪያ እንዳለው የረሳ ይመስል ነበር። ጠላው ሁለት ጊዜ እንደ ዞረ ወሬው ወደ ቋንቋ አዘነበለ፤ አንዱ ስለ አንዱ ልሳን መኳንንትነት ሲናገር ሌላው ተቀበለው፤ ወይዘሮ ዘነበወርቅም ከመጋረጃው ጀርባ ወጥ እየጨለፈች ትሰማ ነበር።

«ጣልያንኛ ለመናገር አፍ ብቻ አይበቃም፣ ሁለት እጅ ያስፈልጋል» አለ አቶ ባራኪ እጆቹን እያወናጨፈ፤ «መኪና ሥር ተኝቼ ዝም የምለው እጄ ስለሚያዝ ነው እንጂ ነገር አጥቼ እንዳይመስላችሁ።»

«እንግሊዝኛ ጥርስ ሳይገለጥ ይነገራል» ሲል አቶ ደምሰው መለሰ፤ «ጥርሱን እያሳየ የተሾመ ሰው ደግሞ እኔ አላየሁም።»

ሙሴ ገብረየስ ከንፈሩን በመሐረብ ጠርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሞቼ፣ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ቢሰድባችሁ እኮ ስድቡን እንዲደግምላችሁ ትለምናላችሁ» አለ።

«እርስዎንማ ደጋግመው ሳይሰድቡዎት አልቀሩም፣ ሙሴ፤ እንዲህ የጣፈጠዎት!» ብሎ ባራኪ ቤቱን በሳቅ አናወጠው። አባ ወልደሰንበትም እየሳቁ፣ «ልጆቼ፣ ጻድቃን በግዕዝ ጸልየው ገነት ገቡ፤ እናንተ በየትኛው ልትኮነኑ ነው የምትጣሉት?» አሉ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የጨዋ ሰዎች ጨዋታ ነበረ፤ ነገር ግን የአገራችን ሰው ክርክርን ከችሎት ተምሮታልና፣ በአፍ ብቻ ሲሟገት የጠገበ አይመስለውም፤ ማር ካላስያዘ፣ በቅሎ ካልተወራረደ ቃሉ ሚዛን የሌለው ይመስለዋል። ባራኪ አንድ ጋን ጠጅ አስያዘ፤ ደምሰው ኮርቻውን አስያዘ፤ ሙሴም የኪስ ሰዓቱን ከነሰንሰለቱ አውጥቶ ማዕዱ ላይ አኖረ። ፍርዱ በማን ይሁን ሲባል፣ ዳኛው የማንንም ቋንቋ የማያውቅ፣ ከማንም ያልወገነ ንጹሕ ጆሮ መሆን አለበት ተባለ፤ የሁሉም ዓይን በአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ዳቦ ወደምትቆርሰው ወደ አስካለ ዞረ። በዚህ ጊዜ አቶ ንጋቱ፣ ያ የመሥሪያ ቤቱ ሳቅ በጆሮው ድንገት እንደ ተሰማው ሰው ሁሉ፣ ፊቱ ተለዋውጦ ብድግ አለ።

«ጠጅና ኮርቻ የልጅ ጨዋታ ነው» አለ፤ «እኔ ልጄን አስይዛለሁ። ሦስታችሁም በየቋንቋችሁ ጥሯት፤ ወደ ማንም ብትሄድ የዚያ ሰው ቤት ቤቷ ይሁን፤ በዚያ ልሳን ትደግ፣ በዚያ ልሳን ትማር፣ እስክትዳር ድረስ። ንጉሥ ይሙት!»

በንጉሥ ስም የተማለ መሐላ እንደ ተራ ቃል ወደ አፍ እንደማይመለስ፣ ያጠፈውም እስር ቤት እንደሚጠብቀው የማያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም፤ የማለው ሰው ራሱ ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ ታየ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጭልፋው ከእጇ መውደቁን፣ ትኩሱም ወጥ እግሯ ላይ መፍሰሱን አላወቀችም፤ ጆሮዋ የሰማውን ልቧ እምቢ ብሎት፣ «ምን አለ? ምን አለ ይሄ ሰው?» እያለች ማንም በሌለበት ትጠይቅ ነበር። ገብታ ልጇን እንዳትነጥቅ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ባሏ ያበደ መሰላት፣ ቀጥሎም ያበደችው እሷ መሰላት። እንግዶቹም ሳቃቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ ደርቆባቸው፣ አንዱ አንዱን እያየ ቀረ። ይሁን እንጂ በዚያ ጉባኤ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ይቅር» ለማለት አልደፈረም፤ ሰው በክፉ ነገር መካከል ሲገኝ ማፈሩን እንጂ መከልከሉን አያፈጥንምና።

ስለዚህ ነገሩ ተፈጸመ። አቶ ባራኪ ልቡ እያመነታ አንድ የጣልያን ዘፈን አዜመ፤ አስካለ አጨበጨበች፣ ሳቀችም፣ ነገር ግን ከቦታዋ ሳትነሣ ዳቦዋን ማኘኳን ቀጠለች። አቶ ደምሰው በእንግሊዝኛ አጠር ያለ ቃል ተናገረ፤ ልጅቷ የተቆጣት ስለመሰላት ፊቷን በአባቷ ጋቢ ሸፈነች። ሙሴ ገብረየስ ግን ወንበሩን ትቶ በጉልበቱ በርከክ አለ፤ ከዚያም ድምፁ እንደ ሐር መጐናጸፊያ ሲጎተት፣ እንደ ጠል ዝቅ ብሎ ሲንጠባጠብ፣ ምኑን እንደተናገረ የሚያውቅ ማንም ሳይኖር ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አስካለ ከአባቷ ጉልበት ወረደች፤ ቀስ ብላ ቀረበችው፤ ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ ልታውቅ፣ ትንሿን ጣቷን በከንፈሩ ላይ አኖረች። በመጋረጃው ቀዳዳ የምታየውን እናት ከሁሉ ያስደነገጣት ግን ይህ ብቻ አልነበረም፤ በዚያች በመከራዋ ሰዓት፣ ልጇን በሚነጥቃት ሰው አፍ ውስጥ ያለው ድምፅ ለእሷም ለጆሮዋ እጅግ ጥሞ መገኘቱ ነበር፤ በዚህም እንደ ከዳች ሴት በራሷ አፈረች።

እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ከወጡ በኋላ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወደ ኋላ በቀሩት በአባ ወልደሰንበት እግር ሥር ወደቀች። «አባቴ፣ መሐላውን ይፍቱልኝ! የባሌን ጥፋት በእኔ አድርገው ንስሐውን ለእኔ ይስጡኝ!» አለች።

«ልጄ» አሉ አባ፤ «የነፍሱን ቢሆን እፈታለሁ፤ የንጉሡን ግን እኔ አልፈታም። የረታው ሰው ራሱ በማኅበርተኛ ፊት ምሬሃለሁ ካላለ በቀር መንገድ የለውም። እሱ ደግሞ፣ አየሽ፣ ቤቱ ማኅፀን የተዘጋበት ነው፤ ገብርኤል ልጅ ሰጠኝ እያለ ነው የወጣው።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱ በባዶው ማዕድ ጫፍ ተቀምጦ፣ «ታመሰግኚኛለሽ፤ ነገ እመቤት ሆና ስታዪያት ታመሰግኚኛለሽ» ይላል፣ የሚለውን ግን ራሱ የሚሰማው አይመስልም።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ምለዋል፤ እኔ ባሌን መሐላ አፍራሽ አላሰኝም» አለችው፤ «ነገር ግን አስካለ ወደዚያ ቤት ትግባ አሉ እንጂ እናቷ ትቅር አላሉም። ደኅና ይሁኑ።» ይህንንም ብላ የልጅቷን ጨርቅ በአንድ ነጠላ ቋጥራ፣ ልጇን አዝላ፣ በቀን ብርሃን፣ ሠፈርተኛው ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያያት፣ ወደ ሙሴ ገብረየስ ቤት ሄደች። አቶ ንጋቱ በበሩ መቃን ተደግፎ ቀረ፤ ልጁን ብቻ አስይዞ ሚስቱንም የተረታ ሰው በዚያች ከተማ ከእሱ በፊት አልነበረም።

ሙሴ ገብረየስ እናትየዋን በደጁ ሲያያት ክው ብሎ ቀረ፤ ሚስቱ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን አንዲት ቃል ሳትናገር በሩን ከፈተችላት። የዚያ ቤት ሥርዓት በከተማው የታወቀ ነበረ፤ ከደጃፉ ወዲህ አማርኛ አይነገርም። ሙሴ በጽኑ እምነት፣ ልሳን እንደ ጥርት ያለ ውኃ ነው፣ ሌላ ከተቀላቀለበት ይደፈርሳል ይል ነበርና፣ ወጥ ቤቱ እንኳ ወጡ እያረረበት፣ አዎን ጌታዬ ለማለት፣ «ዊ፣ ሙሴ» ይል ነበር፤ ወይዘሮ ሮማነወርቅም የተወለደችበትን ቋንቋ የምትናገረው ምድጃ ዳር፣ ክዳናቸውን ከፍታ፣ ከድስቶቿ ጋር ብቻ ነበር። «እመት ዘነበወርቅ» አለ ሙሴ፣ ከደጁ ውጭ ቆሞ፣ በአማርኛ፤ «ከልጅሽ ጋር መኖር ትችያለሽ፣ እኔ አረመኔ አይደለሁም። ነገር ግን ለልጅቷ አንድ የአማርኛ ቃል እንዳትተነፍሺ። በፈረንሳይኛ ማናገር ካልቻልሽ ዝም በይ።» እሷም ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ራሷን ነቅንቃ እሺ አለች። እናት ልጇን ላለማጣት እጇን ወይም ዓይኗን ብትሰጥ ማንም አይደነቅም፤ ይህች ግን ልጅቷ ከሁሉ አብልጣ የምትወደውን፣ ድምፅዋን ሰጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚናገሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አስካለ ሙሴን እየተከተለች የሰማችውን ሁሉ እንደ ማሚቶ ትመልስለት ነበር፤ ለዳቦው፣ ለውኃው፣ ለመስኮቱ ስም አወጣች፤ ሙሴም ደስታው ከልክ አልፎ በጣቢያው ላገኘው ሁሉ ያወራ ጀመር። በየማታው ግን ልጅቷ ወደ እናቷ ሮጣ በለመደችው አማርኛ የውሎዋን ስታወራ፣ እናቷ ከንፈሯን ነክሳ ጠጉሯን ከመደባበስ በቀር መልስ የላትም። «እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ምላስሽን ድመት በላው?» ብላ ትስቃለች፤ እናቷ አትስቅም። «እማዬ፣ ተቆጥተሽኛል? ወደሱ ስለሄድኩ ነው?» ትላለች፤ እናቷ እንባዋን ትውጣለች እንጂ አትናገርም፣ ከተናገረች ከደጅ ልትጣል ነውና። እንግዲህ የአምስት ዓመት ልጅ በገዛ አእምሮዋ ምን ብላ እንደ ፈረደች፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተው መርምረው፤ አንድ ቀን ጠዋት ሙሴ የዳቦውን ስም ቢጠይቃት አልመለሰችም። የውኃውን ቢጠይቃት አልመለሰችም። ጣፋጭ ቢያሳያት እጇን ብቻ ዘረጋች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ በጭንቀት ደረቷን እየደቃች የልጅቷን ግንባር ዳሰሰች፣ ትኩሳት የለባትም፤ ጉሮሮዋን አየች፣ ቁስል የለበትም፤ ልጅቷ እንደ እናቷ ከንፈሯን ገጥማ፣ እንደ እናቷ እጇን አጣምራ፣ አጠገቧ ተቀምጣ ዝም ብላለች። ፍየል የለ፣ ጨረቃ የለ። ሐኪም መጣ፣ ጠበል ተረጨ፤ ፈረንሳይኛውም አማርኛውም ከዚያች ትንሽ አፍ እንደ ተነቀለ ተክል ጠፋ። አቶ ንጋቱም ወሬውን ሰምቶ በአጥሩ በኩል እየተንሰፈሰፈ መጣ፤ መጀመሪያ በዚያ በሰባራ ፈረንሳይኛው፣ ቀጥሎም «አስኩዬ! የአባቷ!» እያለ ጠራት፤ እሷ አየችው፣ አወቀችው፣ ቃል ግን አልወጣትም። በመንገድ የነበሩ ሰዎች ያ ኩሩ ጸሐፊ የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ እንደ ሴት ሲያለቅስ አይተው ፊታቸውን መለሱ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሙሴ ገብረየስ በማዕዱ ራስ ተቀምጦ፣ በግራው ሚስቱ፣ በቀኙ እናትና ልጅ ነበሩ፤ ከማንኪያ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሙሴ ዝምታው አልቻል ቢለው በዚያ በሚጣፍጠው ቋንቋው አንዳች ነገር ተናገረ፤ የሚመልስለት ጠፋ፤ ወደ ሚስቱ ዞሮ ደገመላት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሮማነወርቅ፣ በዚያ ማዕድ ላይ አንዲት የአማርኛ ቃል ወጥቷት የማያውቅ ሴት፣ ሳሕኑን ገፍታ ብድግ አለች።

«አንተ ሰው!» አለች፤ ወጥ ቤቱ ደጅ ላይ ሆኖ አማተበ። «አንተ ገብረየስ! ለመሆኑ ልጅ ነው የፈለግኸው ወይስ የሚናገርልህ ሣጥን? እኔን ከድስት ጋር አስወራኸኝ፣ ቻልኩ። ይቺን እናት ድዳ አደረግሃት፣ ቻለች። አሁን ልጅቷንም ለጎምካት! ቤትህን ጎብኘው እስቲ፤ ሦስት ሴት ተቀምጦ አንድ ድምፅ የለም፤ ይኼ ነው የፈረንሳይኛህ ወጉ?»

ሙሴ ገብረየስ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ያ በየትኛውም ጉባኤ ቃል ጎድሎት የማያውቅ ሰው፣ ሚስቱን ሲያይ፣ ልጅቷን ሲያይ፣ ከንፈሯን የገጠመችውን እናት ሲያይ፣ በሚያውቃቸው ልሳናት ሁሉ አንድም የሚናገረው ነገር አጣ፤ ቆይቶም ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ።

በዚያው ሳምንት ማኅበርተኞቹ በአባ ወልደሰንበት ፊት ተጠሩ፤ ሙሴም ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ «ወንድሜን ንጋቱን ምሬዋለሁ፤ መሐላው ይፈታ፤ እሷም ትማረኝ» አለ፤ እሷ ያላት ወይዘሮ ዘነበወርቅን ነበረ። አቶ ንጋቱ ሊናገር ሲነሣ ሚስቱ ቀደመችው። «እርስዎ ዛሬ ዝም ይበሉ፤ እኔ ብዙ ዝም ብያለሁ» አለችው፤ ማንም አልሳቀም። ወደ ልጇም ስትዞር፣ ያን ሁሉ ጊዜ የታመቀው ድምፅዋ ሻክሮ፣ ተሰባብሮ፣ ከዳዊት ቃል ጋር ከተረት ጋር ከስድብ ጋር እየተቀላቀለ ፈሰሰ፤ ስለ ድመቷ አወራቻት፣ ስለ ጨረቃዋ አወራቻት፣ አፏ እስኪደርቅ አወራቻት። አስካለ በዚያ ቀን አልመለሰችም፤ በሁለተኛውም ቀን አልመለሰችም፤ እናቷ ግን ጎረቤት አበደች እስኪላት ድረስ ማውራቷን አልተወችም፤ ልጅቷም አንድ ቀን ጠዋት በድንገት፣ ተኝታ እንደነቃች ሰው፣ «ቆይ እማዬ፣ እንዲህ አይደለም፤ እኔ ልንገርሽ» አለቻት። ከዚያም ወዲህ አስካለ ወደ ሙሴ ገብረየስ ቤት በየቀኑ እየሄደች ፈረንሳይኛን ተማረች፤ እናቷ እስከ ደጁ ድረስ አብራት እያወራች ትወስዳታለች፣ እያወራች ትመልሳታለች፤ ከወይዘሮ ሮማነወርቅም ጋር በረንዳው ላይ ሆነው በአማርኛ ጮክ ብለው ሲስቁ፣ በመስኮቱ የሚወጣውን ያን መልካም ድምፅ ሁለቱም ሳያፍሩ ያደንቁ ነበር። የልሳናት ሁሉ ውበት ለሰው ልጅ የተሰጠ ሀብት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማናቸውም ልሳን፣ በነገሥታት አደባባይ የከበረም ቢሆን፣ የእናት አፍ በተዘጋበት ቤት ገብቶ የልጅን አፍ ሊከፍት አይቻለውም።